ዕጣ፣ ገልና የጉባኤ ድምፅ፦ ስለ ጥንታዊቷ አቴና ዴሞክራሲ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ አቆጣጠራቸውም የአውሮፓውያን ነው።

ዴሞክራሲ ማለት በግሪክኛ ምን ማለት ነው? የተጀመረውስ መቼ ነው?

ቃሉ ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው፤ «ዴሞስ» ሕዝብ፣ «ክራቶስ» ደግሞ ኃይል ወይም ሥልጣን ማለት ነው። ዴሞስ ግን እንደ ተናጋሪው መልኩ ይለያይ ነበር። የሥርዓቱ ደጋፊ ሲናገረው መላውን የዜጎች ማኅበር ማለቱ ነው፤ ባለጸጋው ተቃዋሚ ሲናገረው ግን ድኻውን፣ ቀዛፊውን፣ በእጁ ሥራ የሚያድረውን ማለቱ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ለአንዱ መመኪያ፣ ለሌላው ስድብ ሆኖ ኖሯል።

አጀማመሩን በአንድ ቀን መወሰን አይቻልም። በ594 ሶሎን የተባለው ሕግ አውጪ በዕዳ ምክንያት የአገር ልጅን ባሪያ ማድረግን ከለከለ፤ የሥልጣን ደረጃም በዘር ሐረግ መሆኑ ቀርቶ በሀብት መጠን እንዲሆን ዜጎችን በአራት መደብ ከፈለ። ከእርሱ በኋላ ፒሲስትራቶስና ልጆቹ በጉልበት ገዙ፤ ልጁ ሂጲያስም በ510 ተባረረ። ሥርዓቱ ቅርጽ ያዘ የሚባለው ከዚያ ቀጥሎ፣ በ508 ገደማ፣ ክሊስቴኔስ ሕዝቡን በ10 አዳዲስ ነገዶች ሲያደራጅ ነው። ብልሃቱ እያንዳንዱን ነገድ ከከተማው፣ ከባሕር ዳርቻውና ከመሀል አገሩ ከተውጣጡ ቀበሌዎች ማዋቀሩ ላይ ነበር። ቀበሌዎቹ 139 ሲሆኑ፣ በአንድ ነገድ ውስጥ ዓሣ አጥማጁ፣ ገበሬውና የከተማው አንጥረኛ አብረው እንዲዘምቱና አብረው እንዲመክሩ ስለተደረገ፣ ባላባቶች በየአካባቢያቸው ያሰለፉት የነበረው ተከታይ ተበታተነባቸው።

በ462 ገደማ ኤፊያልቲስ የተባለ ሰው ከቀድሞ ሹማምንት የተውጣጣውን የአርዮስፋጎስ ሸንጎ አብዛኛውን ሥልጣን ገፎ ለምክር ቤቱ፣ ለጉባኤውና ለፍርድ ቤቶቹ አከፋፈለ። ብዙ የአማርኛ አንባቢ አርዮስፋጎስን የሚያውቀው በሐዋርያት ሥራ፣ ጳውሎስ ቆሞ ከተናገረበት ቦታ ነው፤ ሸንጎው ከኤፊያልቲስ በኋላም ቢሆን የነፍስ ግድያ ክስ ማየቱን አላቋረጠም ነበር።

ዜጋ የሚባለው ማን ነበር?

ሙሉ የፖለቲካ መብት የነበረው ለአካለ መጠን የደረሰ፣ በቀበሌው መዝገብ የሰፈረ ወንድ ዜጋ ብቻ ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ቁጥራቸው 30,000 ገደማ እንደነበረ ይገመታል፤ ይህም ከአገሩ ነዋሪ ጥቂቱ እጅ ነው። ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም፣ በጉባኤም አይቀርቡም፤ በሃይማኖቱ በኩል ግን ከፍ ያለ የክህነት ስፍራ ይይዙ ነበር። ከሌላ አገር መጥተው የሰፈሩት ነጻ ሰዎች «ሜቲክ» ይባላሉ፤ በዓመት 12 ድራክማ ግብር ይከፍላሉ፣ ይዘምታሉ፣ ይነግዳሉ፣ ጉባኤ ግን አይገቡም። አሪስቶትል ራሱ በአቴና የኖረው እንዲህ ነው፤ ስለ ፖለቲካ ይህን ያህል የጻፈ ሰው በሚኖርበት ከተማ አንድም ቀን እጁን አውጥቶ ድምፅ አልሰጠም። ባሪያዎች ደግሞ በአሥር ሺዎች ይቆጠሩ ነበር።

በ451 የከተማይቱ ታዋቂ መሪ የነበረው ፔሪክሊስ ባቀረበው ሕግ መሠረት ዜጋ ለመሆን አባት ብቻ ሳይሆን እናትም የአቴና ዜጋ ልጅ እንድትሆን ተደነገገ። ሕጉ ዞሮ ባለቤቱን ነካው። ፔሪክሊስ የሚሊጢኗ ተወላጅ ከሆነችው ከአስፓሲያ የወለደው ልጅ በአባቱ ሕግ ዜጋ መሆን አልቻለም፤ ሁለቱ ታላላቅ ልጆቹ ከተማይቱን በመታው ወረርሽኝ ካለቁበት በኋላ ነው ሕዝቡ አዝኖለት ለዚህ ልጅ በልዩ ውሳኔ ዜግነት የሰጠው።

ጉባኤው እንዴት ይካሄድ ነበር?

ዜጎች የሚሰበሰቡት አክሮፖሊስ ከተባለው የከተማይቱ አምባ በስተምዕራብ ባለችው ፕኒክስ በተባለች ኮረብታ ላይ ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን በዓመት 40 መደበኛ ስብሰባ ይደረግ ነበር፤ ለአንዳንድ ውሳኔዎች ቢያንስ 6,000 ሰው መገኘት ነበረበት። ስብሰባው በመሥዋዕትና በጸሎት ይከፈትና፣ አዋጅ ነጋሪው «መናገር የሚፈልግ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በመርህ ደረጃ ማንኛውም ዜጋ ተነሥቶ መናገር ይችላል፤ በተግባር ግን የሚናገሩት በንግግር የሠለጠኑ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ የቀረው ያዳምጣል፣ ያጉረመርማል፣ ይስቃል፣ በመጨረሻም እጁን ያወጣል። ስድስት ሺህ እጅ አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ የበዛው ወገን በዓይን ይገመት ነበር።

ሰው ሁሉ ወደ ጉባኤ ይሮጥ ነበር ማለት አይደለም። የኮሜዲ ደራሲው አሪስቶፋንስ እንደሚቀልደው፣ አጎራ በተባለው የገበያ ቦታ ወሬ ይዘው የቆሙትን ሰዎች ወደ ኮረብታው ለመንዳት ቀይ ቀለም የተነከረ ገመድ ይሳብባቸው ነበር፤ ሰዎቹም ልብሳቸው ቀለም እንዳይነካው ወዲያና ወዲህ ይሸሻሉ።

ሹማምንቱ በምርጫ ነበር የሚሾሙት?

የዛሬ አንባቢ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሹመት የሚሰጠው በዕጣ ነበር። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት በአራተኛው ክፍለ ዘመን በየዓመቱ ከሚሾሙት 700 ገደማ ባለሥልጣናት መካከል በምርጫ የሚሾሙት 100 ያህሉ ብቻ ናቸው። 500ዎቹ የምክር ቤት አባላትም ከየነገዱ 50 እየሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ ከሆነ ዜጎች መካከል በዕጣ ይወጣሉ፤ አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ከሁለት ጊዜ በላይ የምክር ቤት አባል መሆን አይችልም። አሪስቶትል ነገሩን ሲያስቀምጠው፣ ሹመትን በዕጣ መስጠት የዴሞክራሲ፣ በምርጫ መስጠት ግን የጥቂቶች አገዛዝ ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በምርጫ የሚያሸንፈው ስሙ የታወቀ፣ ሀብትና ዘመድ ያለው፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነው፤ ዕጣ ግን ይህን ሁሉ አያይም። የእቁብ ዕጣ ለለመደ ሰው ሐሳቡ ሩቅ አይደለም። ዕጣው ተራው የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ከአባላቱ ማን እንደሚበልጥ አይናገርም።

ዕጣ ማውጫውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከድንጋይ የተጠረበ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሲሆን ፊቱ ላይ በረድፍ በረድፍ የተፈለፈሉ ጠባብ ስንጥቆች አሉት። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስሙ የተጻፈበትን ትንሽ ሰሌዳ ያስረክብና በስንጥቁ ውስጥ ይሰካል። በሰሌዳው ጎን ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ኳሶች ተደባልቀው ከላይ ይጨመራሉ፣ ከታች አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ነጭ ከወጣ አንዱ ረድፍ በሙሉ ይገባል፣ ጥቁር ከወጣ ረድፉ በሙሉ ይሰናበታል። የእንዲህ ያለው ድንጋይ ስባሪ ዛሬም በአቴና የአጎራ ሙዚየም ይታያል። ሁሉ ነገር በሰው ፊት ስለሚደረግ ዕጣ አውጪውን በጉቦ መያዝ ቀላል አልነበረም።

የዕጣው ሥርዓት እስከ የት እንደሚሄድ የሚያሳየው ግን የዕለቱ ሊቀ መንበር ሹመት ነው። የየነገዱ 50 አባላት በየተራ ምክር ቤቱን ይመራሉ፤ ከእነዚህ 50 ተረኞች አንዱ በዕጣ ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት ሊቀ መንበር ይሆናል፤ የግምጃ ቤቱን ቁልፍና የመንግሥቱን ማኅተም ይይዛል፣ በነጋታው አስረክቦ ይወርዳል፣ ዳግመኛም አይደርሰውም። በስሌት ሲታይ ከምክር ቤቱ አባላት ከሦስት ሁለቱ እጅ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን በዚያ ወንበር ይቀመጡ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ዕጣው ለማይረባ ሰው ቢወጣስ?

ይህን ጥያቄ አቴናውያን ራሳቸው ሳያነሡት አልቀሩም፤ መልሳቸውም ከአንድ በላይ ነው። በመጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይመረመራል። ለከፍተኞቹ ሹመቶች የሚቀርቡት ጥያቄዎች የአባቱንና የእናቱን አባት ስም፣ ቀበሌውን፣ የቤተሰቡ መቃብር የት እንደሆነ፣ ግብሩን መክፈሉን፣ መዝመቱን፣ ወላጆቹንም በደንብ መያዙን የሚመለከቱ ናቸው። ስለ ዕውቀቱ አንድም ጥያቄ የለም፤ የሚፈለገው የታመነ ዜጋ መሆኑ ነው። ቀጥሎ፣ ሥራው ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰው አይሰጥም፤ አሥር ሆነው ይሠሩታል፣ አንዱ ቢያጠፋ ዘጠኙ ያዩታል። ዓመቱ ሲያልቅም ሒሳቡ ይመረመራል፤ የመንግሥት ገንዘብ የጎደለበት ሰው ፍርድ ቤት ይቆማል።

ስሕተት ሕይወት የሚያስከፍልበትን ሥራ ግን ለዕጣ አልተዉትም። አሥሩ የጦር አዛዦች በየዓመቱ በእጅ ማውጣት ይመረጡ ነበር፤ ደጋግሞ መመረጥም ይቻላል። ፔሪክሊስ በተከታታይ ለ15 ዓመታት መመረጡ የተተረከው በዚህ ሹመት ነው። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲዲስ በፔሪክሊስ ዘመን ሥርዓቱ በስም ዴሞክራሲ፣ በተግባር ግን የመጀመሪያው ሰው አገዛዝ ነበር ማለቱም የምርጫና የዕጣ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ የሚያመለክት ይመስለኛል።

«ኦስትራሲዝም» የሚባለው ምንድን ነው?

«ኦስትራኮን» ማለት ገል፣ የተሰበረ ሸክላ ማለት ነው። ጉባኤው በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ዘንድሮ ሰው እናባርር ወይስ አናባርር ተብሎ ይጠየቃል። እናባርር ካለ በቀጠሮ ቀን እያንዳንዱ ዜጋ ሊሄድለት የሚፈልገውን ሰው ስም በገል ላይ ጭሮ ወደ ገበያው ቦታ ይመጣል። 6,000 ገል ከተገኘ፣ ስሙ የበዛበት ሰው በአሥር ቀን ውስጥ ከአገር ወጥቶ ለ10 ዓመት በውጭ ይኖራል። ክስ የለም፣ መከላከያም የለም፤ በሌላ በኩል ግን ንብረቱ አይወረስም፣ መብቱ አይገፈፍም፣ ዘመኑን ሲጨርስ እንደ ቀድሞው ይኖራል። በመሠረቱ ቅጣት ሳይሆን ከመጠን በላይ የገነነን ሰው ከመሀል የማራቂያ ዘዴ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበት በ487 ሲሆን፣ አሪስቲዲስ፣ ቴሚስቶክሊስና ኪሞን በዚህ መንገድ ተሰደዋል።

አርኪዮሎጂስቶች እስካሁን ከ11,000 በላይ እንዲህ ያሉ ገሎችን አግኝተዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው ከአክሮፖሊስ ሰሜናዊ ተዳፋት ከአንድ ጉድጓድ የወጣው ክምችት ነው፤ 190 ገሎች ሲሆኑ ሁሉም ማለት ይቻላል የቴሚስቶክሊስ ስም አለባቸው፣ የእጅ ጽሕፈቱ ሲመረመር ግን የ14 ሰዎች ብቻ ሆኖ ተገኘ። ተቃዋሚዎቹ አስቀድመው ጽፈው ለማደል ያዘጋጁት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። የተደራጀ ወገን የሌለበት ንጹሕ የሕዝብ ድምፅ በዚያ ዘመንም አልነበረም።

የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ ስለ አሪስቲዲስ የሚተርከው ከዚህ ጋር ይነሣል። መጻፍ የማይችል አንድ የገጠር ሰው አጠገቡ የቆመው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ገሉን ሰጥቶት «አሪስቲዲስ ብለህ ጻፍልኝ» ይለዋል። «ምን በደለህ?» ቢለው፣ «ምንም፤ ሰውየውን እንኳ አላውቀውም፤ ነገር ግን በየሄድኩበት ጻድቁ፣ ጻድቁ ሲባል መስማት ሰለቸኝ» አለው። አሪስቲዲስም ዝም ብሎ ስሙን ጽፎ መለሰለት ይባላል።

ፍርድ ቤቶቹ እንዴት ይሠሩ ነበር?

በሙያው የሠለጠነ ዳኛ አልነበረም። በየዓመቱ ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ 6,000 ዜጎች ይምላሉ፤ ከእነርሱ መካከል በችሎቱ ቀን ጠዋት በዕጣ 201፣ 401፣ 501 ወይም ከዚያ የበለጡ ዳኞች ይወጣሉ። ማን የትኛውን ጉዳይ እንደሚያይ እስከዚያች ሰዓት ስለማይታወቅ ጉቦ የሚሰጥ ሰው ለማን እንደሚሰጥ ያጣል። ከሳሽም ተከሳሽም ራሳቸው ይናገራሉ፤ የሚናገሩበት ጊዜ ከሸክላ ዕቃ በሚንጠባጠብ ውኃ ይለካል። ከአጎራ ተቆፍሮ የወጣ አንድ የውኃ ሰዓት 6.4 ሊትር ውኃ የሚይዝ ሲሆን ውኃው ፈስሶ የሚያልቀው በ6 ደቂቃ ገደማ ነው።

ዳኞቹ እርስ በርስ አይመካከሩም፤ ንግግሩ ሲያልቅ ወዲያው ድምፅ ይሰጣሉ። በአራተኛው ክፍለ ዘመን እያንዳንዱ ዳኛ በመሀላቸው አጭር ዘንግ ያለባቸው ሁለት የነሐስ ክቦች ይቀበላል፤ የአንደኛው ዘንግ ድፍን፣ የሌላው ቀዳዳ ነው። ድፍኑ ለተከሳሹ፣ ቀዳዳው ለከሳሹ ነው። ዘንጉን ጫፍና ጫፉን በአውራ ጣትና በሌላ ጣት ሸፍኖ ስለሚይዘው ማንም ሳያይበት አንዱን የሚቆጠረው ማሰሮ ውስጥ፣ ሌላውን የሚጣለው ውስጥ ይከታል። በኮረብታው ላይ እጅ በአደባባይ ይወጣል፤ በችሎት ግን ድምፅ ምስጢር ነው።

ዳኞቹ አበል ነበራቸው፤ ፔሪክሊስ ያስጀመረው ሲሆን በኋላ በቀን 3 ኦቦል ደረሰ። በዚያ ዘመን የሠለጠነ ሠራተኛ በቀን 6 ኦቦል፣ ማለትም አንድ ድራክማ ያህል ያገኝ ስለነበር፣ አበሉ የድኻውን የሥራ ቀን ይደጉማል እንጂ ማንንም አያበለጽግም።

ሕዝቡ በስሜት ተነሣሥቶ ሲሳሳት ምን ይደረግ ነበር?

በ427 የሚቲሌኔ ከተማ በአቴና ላይ አምፃ ተሸነፈች። ጉባኤው በቁጣ ለአካለ መጠን የደረሱት ወንዶች በሙሉ እንዲገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት እንዲሸጡ ወስኖ ትእዛዙን በመርከብ ላከ። በነጋታው ግን ሰዉ አድሮ ሲያስበው ከበደው፤ ጉባኤው እንደገና ተጠራ፣ በጥቂት የእጅ ልዩነትም ውሳኔው ተሻረ። ሁለተኛዋ መርከብ ከፊተኛዋ አንድ ቀንና ሌሊት ያህል ዘግይታ ተነሣች። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን ሳይለቁ በወይንና በዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት፣ እንደኛ በሶ ያለ ነገር፣ እየበሉ፣ በየተራ እያሸለቡ ገሠገሡ። የፊተኞቹ ያን ክፉ መልእክት ለማድረስ አልቸኮሉም ነበርና፣ አዛዡ የሞቱን ትእዛዝ አንብቦ ሊፈጽም ሲል ሁለተኛዋ ደረሰች። ከተማይቱ ተረፈች፤ የዓመፁ መሪዎች ተብለው የተያዙት ግን ተገድለዋል።

ሁልጊዜ ግን ሁለተኛ መርከብ አልተገኘም። በ406 በአርጊኑሳይ የባሕር ጦርነት ያሸነፉ አዛዦች፣ ማዕበል ተነሥቶ የሰጠሙትን መርከበኞች ስላላዳኑ፣ ተለይተው መታየት ሲገባቸው በአንድ ላይ ተፈረደባቸውና ወደ አቴና የተመለሱት ስድስቱ ተገደሉ። በዚያን ቀን ከተረኞቹ የምክር ቤት አባላት መካከል ነገሩ ሕግ የጣሰ ነው ብሎ እስከ መጨረሻው እምቢ ያለው ሶቅራጥስ ነበር። ሕዝቡ ቆይቶ ተጸጸተ። ከዚያ ዘመን በኋላ ሕግ ማውጣት ከጉባኤው የዕለት ውሳኔ ተለይቶ በመሐላ ለተመረጡ ዜጎች መሰጠቱ፣ ከእንዲህ ያለው ትምህርት የመጣ ነው።

ሶቅራጥስን የገደለው ዴሞክራሲው ነው?

አዎን፣ የፈረደበት የዜጎች ፍርድ ቤት ነው። በ399 ሜሌቶስ፣ አኒቶስና ሊኮን ከተማይቱ የምታመልካቸውን አማልክት አያከብርም፣ ወጣቶችንም ያበላሻል ብለው ከሰሱት። ፕላቶ እንደጻፈው 30 ዳኞች ወገን ቢቀይሩ ኖሮ ነጻ ይወጣ ነበር። ቅጣቱ ሲታሰብ፣ ለራሱ የሚገባው በከተማይቱ ማዕድ በክብር መመገብ እንደሆነ ተናገረ፤ በኋላ ግን ወዳጆቹ ዋስ ሆነውለት 30 ምናን ለመክፈል ተስማማ። ዳኞቹ ሞቱን መረጡ።

ያለ አካባቢው ግን ነገሩ አይገባም። በ404 አቴና በስፓርታ ተሸንፋ «ሠላሳው አምባገነኖች» የተባሉት ገዝተዋት፣ በጥቂት ወራት ብዙ ዜጋ ፈጅተዋል። የእነዚህ መሪ የነበረው ክሪቲያስ በሶቅራጥስ ዙሪያ ሲውል የታየ ሰው ነው። ዴሞክራሲው በ403 ሲመለስ አጠቃላይ ምሕረት ስለታወጀ ስለ ያለፈው የፖለቲካ ጥፋት መክሰስ አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ ክሱ በሃይማኖት በኩል ቢመጣም ቂሙ ሌላ ነበር ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ይህ ፍርዱን ትክክል አያደርገውም።

ፕላቶ ዴሞክራሲን ለምን ጠላ? የእነዚህ ሰዎች ሐሳብስ ወደ ግዕዝ ደርሷል?

ፕላቶ መምህሩን ከመነጠቁም በላይ፣ ማስተዳደር ሙያ ነው ብሎ ያምን ነበር። በሚታወቀው ምሳሌው አገርን በመርከብ ይመስላታል፤ መርከበኞቹ ስለ ከዋክብትና ስለ ነፋስ የሚያውቀውን ሰው ሰማይ የሚያፈጥ ለፍላፊ እያሉ ይንቁትና መሪውን ለመያዝ ይራኮታሉ። አሪስቶትል ለዘብ ይላል፤ ብዙ ሰዎች ተሰብስበው ከአንድ አዋቂ የተሻለ ሊፈርዱ እንደሚችሉ፣ ብዙዎች ያዋጡት ድግስ አንድ ሰው ካሰናዳው እንደሚሻለው ሁሉ፣ ይቀበላል።

በግዕዝ በኩል፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ድኅረ ልደተ ክርስቶስ ከአረብኛ የተተረጎመው መጽሐፈ ፈላስፋ ለሶቅራጥስ፣ ለፕላቶና ለአሪስቶትል የተሰጡ አባባሎችን ይዟል። እነርሱ ግን የምግባር ምክሮች ናቸው፤ ስለ ጉባኤና ስለ ዕጣ የሚናገር ነገር በዚያ መፈለግ አያዋጣም።

ሮምስ ዴሞክራሲ ነበረች?

አቴናዊ ቢጠየቅ የለችም ይል ነበር። በሮም ሪፐብሊክ ሹማምንት በአብዛኛው በምርጫ ነው የሚሾሙት፤ የበላይ ሹማምንት የሆኑትን ሁለቱን ቆንስሎች የሚመርጠው ጉባኤ ደግሞ በ193 ምድቦች ተከፍሎ፣ የባለጸጎቹ ምድቦች ብቻቸውን ከተስማሙ ውጤቱ ያልቅ ነበር፤ ድኾቹ ሁሉ በአንድ ምድብ ታጭቀዋል። በሮም ጉባኤ ተራው ዜጋ ተነሥቶ አይከራከርም፤ የቀረበለትን ይቀበላል ወይም ይጥላል። በዜግነት በኩል ግን ሮም እጅግ ለጋስ ነበረች፤ የሮማ ዜጋ በሕግ ነጻ ያወጣው ባሪያ ዜጋ ይሆናል፣ በ212 ድኅረ ልደተ ክርስቶስም ንጉሠ ነገሥት ካራካላ ለግዛቱ ነጻ ነዋሪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ዜግነት ሰጠ። በአቴና ነጻ የወጣ ባሪያ ሜቲክ ሆኖ ይቀራል።

ዴሞክራሲው የቆመው በባሪያ ጉልበትና ከሌሎች በተሰበሰበ ግብር አይደለምን?

በከፊል እንዲህ ነው። የአቴና ኃይል ምንጭ የነበረው የላውሪዮን ብር የሚቆፈረው በባሪያዎች ነው፤ በ480 በሳላሚስ ፋርስን ያሸነፉት መርከቦች የተሠሩትም በዚያ ብር ነበር። የተባባሪ ከተሞች ግምጃ ቤት በ454 ዴሎስ ከተባለች ደሴት ወደ አቴና መዛወሩና ገንዘቡ በከተማይቱ ፈቃድ መውጣቱም አይካድም። በአንጻሩ የእያንዳንዷን መርከብ 170 መቅዘፊያ ከሚይዙት መካከል ብዙዎቹ ድኻ ዜጎች ነበሩ፤ ከተማይቱን በክንዳቸው ያቆሙ ሰዎች በጉባኤው አትናገሩ ሊባሉ አልቻሉም።

ሁሉን አቴና በሌሎች ከተሞች ላይ በነበራት ግዛት ማስረዳት ግን አያስኬድም። ግዛቱ በ404 ከጠፋ በኋላ ዴሞክራሲው ከ80 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ወደ ጉባኤ ለሚመጣ ሰው አበል መክፈል የተጀመረውም ከተማይቱ ከደኸየች በኋላ ነው። የባርነቱ ነገር የባሰ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሶሎን የአገሩን ልጅ ለዕዳ ባሪያ ማድረግን ከከለከለ በኋላ ባለጸጋው ጉልበት የሚፈልገው ከውጭ ከሚገዛው ሰው ሆነ፤ የዜጋው ነጻነትና የባዕዱ ባርነት ጎን ለጎን አደጉ።

ታዲያ እንዴት አበቃ?

በመቄዶንያ ጦር። በ338 የመቄዶንያው ንጉሥ ፊልጶስ በኬሮንያ አሸነፈ፤ ሥርዓቱን ግን አልነካውም። ልጁ እስክንድር በ323 ሲሞት አቴናውያን ተነሡ፣ በዓመቱም ተሸነፉ። አሸናፊው አንቲጳጥሮስ በከተማይቱ ወደብ የጦር ሠራዊት አሰፈረ፣ ከ2,000 ድራክማ በታች ሀብት ያለውም ሰው የፖለቲካ መብት እንዳይኖረው ወሰነ። ሙሉ መብት ይዘው የቀሩት 9,000 ገደማ ነበሩ፤ የቀሩት ድኾች ግን ሶሎን ከሰጣቸው ከጉባኤው ቦታ ወጡ።